ቁጥር የማይወስዱት ሰው

ባለወፍጮዋ ወፍጮዋን ያጣችው አባቴ የወረፋ ቁጥር መውሰድ ስላሳፈረው ነው። ነገሩን ከዚህ በላይ ማወሳሰብ አያስፈልግም። እናቴ እስከ ዛሬ ስለ ዘመኑ ክፋትና ስለ ሰው ውለታ ቢስነት ታወራለች። እኔ ግን የዚያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ስለነበርኩ ያየሁትን አውቃለሁ።

ጠዋት ልታጠብ ከክፍሌ ስወጣ ባለወፍጮዋ ሳሎናችን ወለል ላይ ተንበርክካ ፍራሿን እየጠቀለለች ነበር። በሩ አጠገብ ያለው ጥግ የእሷ ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ሶፋ ደግሞ ጡረታው የተቋረጠበት የአንድ ሽማግሌ ነው፤ ቀን ይቀመጥበታል፣ ማታ ይተኛበታል። ሁለቱም ከአባቴ የምርጫ ክልል የመጡ ናቸው። አባቴ ከምክር ቤት ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ የምርጫ ክልሉ ግን ከሳሎናችን አልወጣም። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል፤ አንዱ የመሬት፣ አንዱ የልጅ፣ አንዱ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ይዞ። አባቴ ሁሉንም አፉን ሞልቶ «ለእኔ ተዉት» ይላቸዋል። እነሱም ይተዉለታል፤ እስኪሰለቻቸው ሻያችንን እየጠጡ ይቆያሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍራሹ ተጠቅልሎ ይገኛል።

በሩ እንደ ልማዱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር በድምፅ ማጉያ «የቤቴ በር ለሕዝቤ አይዘጋም» ብሎ ነበር። የምክር ቤት አባል በነበረባቸው አሥር ዓመታት ይህ ቃል ምንም አላስቸገረንም፤ መንግሥት በሰጠን ቪላ ውስጥ ስለምንኖርና ውጭ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ስለነበረ የሳሎኑ በር ቢከፈትም የሚገባበት ሰው አልነበረም። ለሦስተኛው ዙር ስሙ ከዕጩዎቹ መካከል እንደሌለ ከሬዲዮ ሰምቶ፣ ቪላውን አስረክበን ወደዚህ ባለ ሦስት ክፍል የኪራይ ቤት ስንገባ ነው ቃሉን ማክበር ትዝ ያለው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሩ ከንጋት እስከ እራት አይዘጋም፤ ማታም ገርበብ ይላል እንጂ አይቀረቀርም። ንፋሱ መጋረጃውን ያንሳፍፋል፣ የጎረቤት ድመት ገብታ ትወጣለች፣ እናቴ ሁለት ሹራብ ደርባ ትስላለች። የቤቱ ባለቤት በሩን ሲቀባ እንኳ መቀርቀሪያውን አብሮ ቀብቶት ሄደ፤ ማንም ስላልነካው ቀለሙ እዚያው ደርቋል።

ባለወፍጮዋ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አትችልም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሞተሩን በልጣ ስትጮህ ኖራ «ደህና አደርሽ» እንኳን ከመንገድ ማዶ እንደቆመ ሰው ነው የምትለው። ስለዚህ እናቴ ጆሮ ስር ያንሾካሾከች መስሏት የተናገረችውን እኔ መታጠቢያ ቤት ሆኜ ሰማሁት።

«ዛሬ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው እትዬ። ብቻ የተከበሩ አስገብቼዋለሁ ብለውኛል፤ እግዜር ያክብራቸው።»

«ብሎሽ የለ? ካለ አለ ነው» አለች እናቴ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ከአባቴ ጋር የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ስትል ዓይኗ ከሻይ ማጣሪያው አልተነሳም።

ፊቴን ሳላደርቅ ወጣሁ። ጉዳዩን በደምሳሳው አውቀው ነበር። የሴትዮዋ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ወፍጮዋን በአቧራና በጫጫታ ሰበብ አሽጎታል። ይግባኝ ካልጠየቀች ወፍጮው ተነቅሎ ይወሰዳል፤ ይግባኙ የሚቀርበው እዚህ እኛ ከተማ ላለው ይግባኝ ሰሚ ነው፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ አለፈ። ወረቀቶቿን ገና ስትመጣ ነው አባቴ ከእጇ ተቀብሎ በቆዳ ቦርሳው የከተታቸው። እኔ ሕግ ተምሬ አንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። የእሷን ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳየው አልተፈቀደልኝም። «ይሄ በጠበቃ የሚያልቅ አይደለም፤ በሰው ነው» ብሎኛል አባቴ።

«ማኅተም ያረፈበት ቅጂ አባዬ አምጥተውልሻል?» አልኳት።

«የምን ማኅተም?»

«ማመልከቻ ሲገባ ተቀብለናል ብለው ማኅተም የሚያደርጉበት።»

«ውይ! እሳቸውን ማኅተም አምጡ ልበላቸው?» አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሽማግሌውም ከሶፋው ላይ አብሯት ሳቀ።

«ነይ በቃ፣ አብረን ሄደን እንጠይቅ።»

«ቤት ሆነሽ ጠብቂ ብለውኛል የኔ ልጅ። ብመጣ ያላመንኳቸው ይመስላል። ነውር ነው።»

እናቴ ከሻዩ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ይህችን አስተያየት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። እንግዳ ፊት ምላስሽን ዋጪ ማለት ነው። ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ። ለአለቃዬ ዛሬ አልገባም ብዬ ስደውልለት «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ?» አለኝ። «እስካሁን ማንም» አልኩት።

አባቴ ሁልጊዜ ከሁላችን ቀድሞ ነው የሚወጣው። ሸሚዙ ይተኮሳል፣ ጫማው ይወለወላል፣ ክራቫቱ ይታሰራል። በኪሱ የሚይዛቸው ካርዶች «የምክር ቤት አባል» ይላሉ፤ «የቀድሞ» የምትለዋን ቃል በእስክሪብቶ ለመጨመር እንኳ አልደፈረም። ምክር ቤት በነበረበት ጊዜ ሁሉ ማይክሮፎን የያዘው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠችን። አባቴ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ክቡር አፈ ጉባኤውን አመሰገነና፣ በእነሱ በኩል ፀሐይ ስለገባ መጋረጃው ቢዘጋ ብሎ ጠየቀ። ተዘጋ። እናቴ አጨበጨበች። ሌላውን ጊዜ ሥራው እጅ ማውጣት ነበር፤ በዚያ በኩል ግን ማንም አይወቅሰውም፤ አንድም ቀን እጁ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም።

ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ይግባኝ ሰሚው ጋ ደረስኩ። ታሪፉ ከባለፈው ሳምንት ጨምሯል፤ ረዳቱም ሰውም ስለ ጭማሪው ሲነታረኩ ነው የደረስነው። መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። በብረት የተያያዙ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ መስታወት የተገጠመላቸው መስኮቶች፣ ከላይ ቀይ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ቁጥር የሚያወጣውን ማሽን በጣቱ አሳየኝ። ሰው ፈልጌ ነው ብዬ የአባቴን ሁኔታ ስነግረው ፊቱ በራ።

«እንዴ! ቁጥር የማይወስዱትን ሰው ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጠዋት ከእኔ ጋር ይገባሉ፣ ማታ ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ቁጥር ላውጣልዎት ስላቸው ‹ያውቁኛል› ይሉኛል። እኔማ መጀመሪያ ለቁጥጥር የተላኩ መስለውኝ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ነበር። ዘመድሽ ናቸው?»

«አባቴ ነው።»

«ይቅርታ እህቴ» አለ፤ ሳቁን ግን መመለስ አልቻለም።

አባቴ ከፊተኛው ረድፍ፣ ወደ ኃላፊዎቹ ክፍል ከሚወስደው በር ትይዩ ተቀምጧል። ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው፣ ጋዜጣው ቦርሳው ላይ። ወዲያው አልተጠጋሁትም፤ ቆሜ አየሁት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጋዜጣውን ያጥፋል፣ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ይልና ፊቱን ፈገግታ ያለብሰዋል። ከበሩ የሚወጡት የእኔ እኩዮች ናቸው፤ እሱ ምክር ቤት ሲገባ ገና ፊደል ሲቆጥሩ የነበሩ። ስልካቸውን እያዩ ያልፉታል። በሩ ይዘጋል። አባቴ ቁልፉን ይፈታል፣ ጋዜጣውን ይዘረጋል። ከጎኑ የተቀመጡ ሰዎች ቁጥራቸው ሲጠራ ተነስተው ይሄዳሉ፣ በቦታቸው ሌሎች ይቀመጣሉ። አዳራሹ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ እሱ ብቻ ከወንበሮቹ ጋር አብሮ የተገጠመ ይመስል እዚያው ነው።

«አባዬ።»

ደነገጠ። «ምን ልትሠሪ መጣሽ? ቤት ሰላም አይደለም?»

«የባለወፍጮዋ ወረቀት ገብቷል?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«የት?»

እጁን ቦርሳው ላይ ጫነው። ያኔ ገባኝ። የገባ ነገር የለም፤ ወረቀቱ በየቀኑ ከቤት ወጥቶ፣ እዚህ ወንበር ላይ ውሎ፣ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ነው የሰነበተው። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ስትተኛ ከራስጌዋ ካለው መስቀያ ላይ ነበር።

«ሰብሳቢው ያውቀኛል» አለ። «በአንድ ስብሰባ ላይ አብረን ነበርን። ሲወጣ ያየኛል፤ አንዴ ካየኝ በአንድ ቃል ያልቃል።»

«እስካሁን አላየህም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አባዬ። ቁጥር ላውጣ።»

«ማን ነው በቁጥር የሚገባው? እኔ?» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ግን ተገትሯል። «ለዚህች አገር ሕግ ያወጣሁ ሰውዬ እዚህ ትኬት ይዤ ስሜ ሲጠራ ‹አቤት› ልበል? ሰው ምን ይላል?»

«ስም አይጠራም። ቁጥር ብቻ ነው።»

ሄጄ ቁጥር አወጣሁ። ከፊቴ ያለው ወረፋ እስከ ማታ የሚያስጠብቅ ነበር። ጎኑ ተቀመጥኩ። ለምሳ መስኮቶቹ ሲዘጉ ከታች ዳቦና ውሃ ገዝቼ መጣሁ፤ ሰው ፊት አልበላም ብሎ ዳቦውን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ከእሱ ጋር ዝም ማለት አዲስ ነገር አይደለም። ቤታችን ውስጥ ሁሌም እንግዳ ስላለ ቤተሰቡ እርስ በርሱ የሚነጋገረው በእንግዳው በኩል ነው፤ እንግዳ በሌለበት ምን እንደምንባባል ማናችንም አናውቅም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ቁጥራችን ሰሌዳው ላይ በራ። እጄን ለቦርሳው ዘረጋሁ፤ አጥብቆ ያዘው። ሳብኩት። ሳበው። ከኋላችን ያሉት ሰዎች ቀና ብለው ሲያዩን ለቀቀው። ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ሰው ስላየ ነው።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ የደከማት ግን ቅን ሴት ነበረች። ወረቀቶቹን አገላብጣ አየች። ሁሉም ነገር ደህና ነው አለችኝ፤ ከዚያ አንገቷን አስግጋ ከኋላዬ ፈለገች።

«ባለቤቷስ? በአካል ቀርባ መፈረም አለባት። ካልሆነ ውክልና።»

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ እህቴ፣ አዋጁ ላይ ያለ ነው» አለችና መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ገጽ በእስክሪብቶዋ መታ መታ አደረገችው። የወጣበትን ዓመት አየሁ። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ማዘጋጃ ቤቶች እንዲያሽጉ፣ ይግባኙም በዚህ ቀን፣ በዚህ አኳኋን እንዲቀርብ የሚለው ሁሉ በዚያው አዋጅ ውስጥ ነው፤ የፀደቀ ቀን ማታ በዜና አይተነዋል። እናቴ «ያውላችሁ! ሦስተኛው ረድፍ!» ስትል፣ አባቴ እጁን ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ አውጥቶ ነበር። ዘወር ብዬ አየሁት። ጋዜጣ እያነበበ ነው።

የባለወፍጮዋ ስልክ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ እናቴ ጋ ደወልኩ። በታክሲ ብትመጣ፣ ሠራተኛዋም ትንሽ ብትታገሰን፣ ትደርስ ነበር።

«እማዬ፣ ቶሎ ለባለወፍጮዋ ስጫት።»

«ምነው? አባትሽ ጋ ነሽ?»

«ስጫት! አሁኑኑ መጥታ መፈረም አለባት።»

ከእናቴ ኋላ ያ የወፍጮ ቤት ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፦ «እትዬ! መጥረጊያውን የት ላስቀምጠው?»

«ወጥታለች» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ እየሰማኋት ነው።»

«ወጥታለች አልኩሽ። አባትሽ ይዞታል፣ ይጨርሰዋል። በሰው ፊት አታዋርጂው።» ዘጋችው። ደግሜ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል።

ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን መልሳ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ሰው እጅ ቆይቶባት ነው ስላት፣ ሲከፋኝ አይታ ነው መሰለኝ፣ ወደ መስታወቱ ቀዳዳ ጠጋ አለች። ጊዜው ያለፈበት ይግባኝም በቂ ምክንያት ካለው ይታያል አለችኝ፤ ወረቀቷን የያዘባት ሰው ነገ ከእሷ ጋር መጥቶ፣ እኔ ይዤው ነው የዘገየባት ብሎ ቃሉን ቢሰጥ ይቀበሏታል፤ ከዚህ በፊትም ተቀብለዋል። «እኔ ልመስክር?» አልኳት። «አንቺ ነሽ የያዝሽው?» አለች። አይደለሁም። መስኮቱ ተዘጋ። ጥበቃው መብራቱን እያጠፋ ሲመጣ አባቴ ተነስቶ ኮቱን አስተካከለና «ደህና እደር» አለው፣ አንድ መሥሪያ ቤት እንደሚውሉ ባልደረቦች።

አውቶቡሱ ውስጥ ነገ ማድረግ ያለበትን ሁሉ ነገርኩት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ሰማኝ። ስጨርስ «ሕግ መማርና አሠራር ማወቅ ይለያያል» አለ። ፌርማታችን ስንወርድ ለእንግዶቹ ዳቦ ገዛ፤ ዳቦው እንኳ ትንሽ ሆኗል ብሎ ከሻጩ ጋር ለሀገሪቱ ኢኮኖሚ የሚበቃ ክርክር ተከራከረ። ከዚያ ሰውነቱን ሰብስቦ፣ ክራቫቱን አጥብቆ፣ በተከፈተው በር ገባ።

ሽማግሌው ብድግ አለ። ባለወፍጮዋ ሮጣ ቦርሳውን ተቀበለችው፤ በሁለት እጇ፣ እንደ ሕፃን ልጅ። ሳሎኑ ተጠርጓል፣ ሶፋው ላይ ጨርቅ ተነጥፏል። እናቴ እኔን ላለማየት ዳቦውን ይዛ ወደ ጓዳ ዞረች።

«እንዴት ዋሉ የተከበሩ?»

«ደህና፣ ደህና። ነገሩ በጥሩ እጅ ላይ ነው» አለ አባቴ እየተቀመጠ።

«በማንም እጅ አይደለም» አልኩ። «በያዝሽው ቦርሳ ውስጥ ነው።»

ባለወፍጮዋ ቦርሳውን አየችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንበሩን፣ ቁጥሩን፣ መስኮቱን፣ ስልኩን። ስልኩ ጋ ስደርስ ጓዳ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠፋ። ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አባቴ ፈገግታውን አላወረደም።

«ልጄ ሕግ ተምራለች» አለ ወደ ሽማግሌው ዞሮ። «ወጣት ናት። ትቸኩላለች።» ሽማግሌው ለወጉ ፈገግ አለ።

«ገና አልጠፋም» አልኩት አባቴን። «ነገ ጠዋት አብረዋት ሄደው፣ ቁጥር ወስደው፣ ወረቀቷን ይዤባት የቆየሁት እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር።» እንግዳ ፊት አንቱ ነው የምለው፤ እናቴ ያስተማረችኝ ነው።

ባለወፍጮዋ ፊቷ ፈካ። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ሸክም የወረደላት ነው የምትመስለው። «ይሄን ብቻ ነው እንዴ? የተከበሩ፣ ይሄን ብቻ ነው የሚሉልኝ? ኧረ ምን ችግር አለው! ማንም ይሳሳታል! እኔም አብሬዎት እቆማለሁ!»

መጋረጃው ተነፋ፣ ወደቀ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያን ዓረፍተ ነገር የሚለው መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ይህ ሰውዬ ሊናገር ነው ብዬ ወደ ፊት ዘንበል አልኩ።

«እዚያ መስኮት ላይ... የእኔን ስም...» አለ። ከዚያ እጁን በአየር ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ አወረደው። «አይሆንም። ጉዳዩን በሌላ በኩል ይዤዋለሁ። ለእኔ ተይው።»

«በማን በኩል?» አለች ባለወፍጮዋ።

እዚያ ሳሎን ውስጥ በስድስት ዓመት ማንም ይህን ጠይቆ አያውቅም። አባቴ ሽማግሌውን አየው፣ ሽማግሌው ጣራውን አየ። ባለወፍጮዋ ጠበቀች፤ እህል ተፈጭቶ እስኪወርድ እንደምትጠብቀው በትዕግሥት። ከዚያ ቦርሳውን ከፈተች፣ ወረቀቶቿን አወጣች፣ የደረቀውን የምሳ ዳቦ ከላያቸው አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እኔኮ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትናገር ያን ጊዜ ብቻ ሰማኋት፣ «በቴሌቪዥን እጅዎን ሲያወጡ ጎረቤት ጠርቼ አሳይቻለሁ። ሥራ አቁሜ። ሞተሩን አጥፍቼ።»

ብርድ ልብሷን አጠፈች። ፍራሹ የእኛ ስለሆነ አቧራውን አራግፋ ግድግዳው ላይ አቆመችው። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «በዚህ ምሽት የት ትሄጃለሽ? እራት ቀርቧል እኮ» አለች። «አውቶቡስ አለ እትዬ። ስለ ሻዩ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት፤ ስለ ስልኩ አንድም ቃል አልተናገረቻትም። እናቴ ፊት ላይ ያየሁትን ነገር እፍረት ብዬ ልጠራው እፈልጋለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ወዲያው ሳሏ መጣባት።

ጃኬቴን ገና አላወለቅኩም ነበር። የባለወፍጮዋን ሻንጣ አነሳሁ። እሷ ደረጃውን መውረድ ስትጀምር ተከትያት ወጥቼ እጄን የበሩ እጀታ ላይ አደረግኩ።

«በሩን ተይው» አለ አባቴ። ድምፁ ውስጥ ከቀኑ ሁሉ የበለጠ ድንጋጤ ነበረ። «ሰው ይመጣል።»

ሳብኩት። ቀለም የበላው መቀርቀሪያ መጀመሪያ እንቢ አለኝ። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ በሁለት እጄ ይዤ እስኪጮህ ድረስ ዘጋሁት።